የደፈረሰው በርሜል

ምክትል ቁርስ ላይ ማንኪያውን በብርጭቆው ጠርዝ ኳ ኳ አድርጎ ተነሣ፤ ሸሚዙን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቤተሰብ፣ ውሃው ዛሬም ደፍርሷል» ሲል አወጀ።

ማንም አልደነገጠም። ሚስቱ ዳቦዋን ቆረሰች።

ሰውየው የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነው፤ ጎረቤት ግን ምክትል የሚለው ዳይሬክተሯ ቤት ስላለች ነው። የልብስ ማስጫ በረንዳዋን ለዓሣ በርሜል የለቀቀችለትም እሷው ናት፤ ውሃው መስታወት ይሆናል ብሎ ስለማለላት። ንድፉን ራሱ ነው የነደፈው። ፓምፗ የዓሦቹን ውሃ ወደ አንደኛው ባልዲ ትልካለች፤ ቆሻሻው እዚያ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ባልዲ በስፖንጅ ያጣራዋል። ከዚያ ሰላጣ የተተከለበት ጠጠር ውስጥ ይገባና፣ ሰላጣው የድርሻውን ጠጥቶ፣ የቀረው ንጹሕ ሆኖ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ያለው ግን ሩዝ የታጠበበት ይመስላል።

«እስከ እሑድ የበርሜሉ ታች ካልታየኝ» አለች ሚስቱ፣ «በርሜልህም ዓሣህም ይወጣል። ገመዴን እሰቅላለሁ።»

«እሰይ!» አለች ልጁ። «በረንዳው ሸትቷል፣ አባዬ። እኔማ በዚያ ማለፍ ትቻለሁ።»

አማቱ ሻያቸውን ፉት አሉ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ዓሣ ይጠበሳል እንጂ አይጎበኝም፤ እኔ እንደሆን ዓይኔንም አልጥልበት።»

«ችግሩ ማጣሪያው ላይ ነው፣ እማማ። ይስተካከላል።»

«በርታ፣ ልጄ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ወቀጠው። ስፖንጁን አጠበ፤ ሦስተኛ ባልዲ ጨመረ፤ ጠጠሩን እንደ ምስር ለቀመው። ስፖንጁ በነጋታው ዝቃጭ ጠግቦ ቁጭ ይላል። ምግብ ሲበዛ ውሃ ያደፈርሳልና ሕግም አውጥቷል፦ ጠዋት አንድ ቁንጣሪ፣ በእሱ እጅ ብቻ። ከሥራ ሲመለስ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርግላቸው ከምግብ አይቆጠርም፤ እሱ ጉብኝት ነው።

እሑድ መጣ። ሚስቱ ገመዷን ይዛ በረንዳ ወጣች፤ አማቱና ልጁም ለምስክርነት ተከተሏት። ምክትል በርሜሉ አጠገብ እንደ አርፋጅ ተማሪ ቆመ።

«የታለ መስታወቱ?»

«ፀሐይ ስታርፍበት ነው እንጂ አሁንማ...»

«ፀሐይ ምን አደረገችህ? ይሄ ውሃ ነው?» ብላ ጣቷን ወደ በርሜሉ ዘረጋች።

ዓሦቹ ከድፍርሱ ውስጥ ግልብጥ ብለው ወጡ። አፋቸውን ከፍተው ከጣቷ ሥር ተሰለፉ። አንዱማ ዘሎ ሊስማት ምንም አልቀረው።

ሚስቱ ጣቷን ሰበሰበች።

«ምነው? የት ነው የሚያውቁሽ እነዚህ?» አሉ እናቷ፣ ነገሩን ለማጣራት ጎንበስ ብለው። ጎንበስ ማለታቸው ነው ጥፋቱ። ሰልፉ ዞሮ ወደ እሳቸው ተጣደፈ፤ ከሹራባቸው ኪስም የዳቦ ፍርፋሪ ውሃው ላይ ብትን አለ።

«አያቴ!» አለች ልጅቷ። ሳቋን ለማፈን እጇን ስታነሳ ጥላዋ በርሜሉ ላይ አረፈ። ዓሦቹ ፍርፋሪውን ሳይቀር ጥለው ወደ እሷ ነጎዱ።

ፓምፗ ትንደቀደቃለች። ምክትል ሦስቱን ባልዲዎች በየተራ አያቸው፤ አንዱንም መውቀስ አልቻለም። ሁኔታው መግለጫ የሚያስፈልገው መሰለውና ሸሚዙን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

ዓሦቹ ሁሉንም ትተው እየተጋፉ ወደ እሱ መጡ።

ሚስቱ ገመዱን ሳትሰቅለው ክንዷ ላይ ቀስ ብላ ጠቀለለችው።