ገጽ ከተገለበጠ በኋላ

ባልደረቦቹ «መብረቅ» ነበር የሚሉት። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ በሚቀዱበት በዚያ ድርጅት ውስጥ የመቅጃውንም የማረሚያውንም ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። የድሮው ፕሮግራም አንድ ምዕራፍ እስኪከፍት ሻይ ተጠጥቶ ይመለሳል፤ የእሱ ግን ጠቅ ሲያደርጉት ከች ነው። ከዚያ ወዲያ መሬት አልበቃው አለ። ኮሪደሩ ላይ አረማመዱ ሳይቀር ተለወጠ።

አንጋፋዋ አንባቢ አክስቱ ናት። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው፣ ማንበብም ያስተማረችው፣ እሱም «እቴቴ» እያለ የሚጠራት። እዚህ ሥራ ላይም ደጅ ጠንታ ለምና ያስገባችው እሷው ነበረች።

የድርጅቱ አሠራር እንዲህ ነው። እቴቴ ጠባቧ ክፍል ውስጥ በሯን ዘግታ ታነባለች፤ የመስታወት መስኮት ካለው ግድግዳ ማዶ ደግሞ አዳማጯ የምትባለው ባልደረባዋ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እግር በእግር ትከተላታለች። እቴቴ ገጽ ስትገለብጥ ወረቀቱ ኮሽ ይላል፤ አዳማጯም ኮሽታው በኋላ እንዲቆረጥ አንዲት ቁልፍ ትጫንና እዚያው ምልክት ታደርጋለች።

አዲሱ ፕሮግራም በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቃላት መዋጥ ጀመሩ። ገጽ በተገለበጠ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ግማሹ የለም። መጻሕፍቱን የሚሰሙ ሰዎች ይደውሉ ጀመር፤ «አንባቢዋን አሟቸዋል እንዴ?» ብለው የጠየቁም ነበሩ። አዲስ ፕሮግራም ገብቶ አዲስ በሽታ ሲመጣ ማንም ሰው ምን እንደሚጠረጥር ይታወቃል። መብረቅ ግን ሁሉንም ጠርጥሮ ራሱን ብቻ ረሳ።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰበሰቡ።

«ማሽን ቢሆን የትም ቦታ ይሳሳት ነበር» አለ መብረቅ። «ገጽ ሲገለበጥ ብቻ የሚደናቀፍ ሰው ነው። ዓይን ይደክማል፣ ዕድሜም አለ።»

አክስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«እኔ እኮ ቃላቱን ያልኳቸው ይመስለኛል» አለች ቀስ ብላ።

«እኔም ስትላቸው ሰምቻለሁ» አለች አዳማጯ።

«ጆሮሽ የለመደውን እየሞላልሽ ነው» አላት። ወደ አክስቱም ዞሮ፣ «ይመስልሻል እቴቴ፤ ችግሩ እሱ ነው። እስቲ ሐኪም ይይሽ» አላት። በፍቅር ነበር የተናገረው፤ ነገሩን ይበልጥ አስጠሊ ያደረገውም ይኸው ነው። እቴቴም መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሥራውን በገዛ እጇ ተወች። እሱ ደግሞ ተበላሹ የተባሉትን ፋይሎች ከፍቶ ለማየት እንኳ አልደከመም።

በቦታዋ ድምፅዋ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ወጣት አንባቢ ተቀጠረች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ተቀዳ፤ አሁንም ገጽ በተገለበጠ ቁጥር ቃል ተዋጠ። አዳማጯ ወደ መብረቅ ቢሮ መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ «ይቺም አርጅታ ነው?» አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

ያኔ ነው ፋይሉን የከፈተው። ሰው ዝም ሲል ዝምታው ባዶ አይሆንም፤ ትንፋሽ አለ፣ ወንበር ሲጢጥ ይላል፣ ከውጭ የመኪና ድምፅ ይገባል። ይሄ ግን በቁጥር ሲታይ ዜሮ ብቻ ነበር። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ ከዚያ በቃሉ መሃል ድምፁ ድንገት ይቀጥላል። ክፍተቶቹም ሁሉም እኩል ናቸው፤ ልክ ኮምፒውተር ሜሞሪን ከፋፍሎ በሚይዝበት ቁራጭ መጠን። ሰው በዚህ ልክ ለክቶ አይሳሳትም። የአክስቱንም የድሮ ፋይል ከፈተ፤ ያው ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቃላቱን የሚውጠው ያ የተመጻደቀበት ፍጥነት ነበር። ፕሮግራሙ ፈጣን የሆነው ፋይሉን በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ስለሚዘረጋው ነው። መቅጃው ኮምፒውተር ለሚመጣው ድምፅ አስቀድሞ ባዶ ቦታ ያዘጋጃል። የአዳማጯ ኮምፒውተር ደግሞ ያንኑ ፋይል ከፍቶ ያንን ቁራጭ ገና ባዶ ሳለ ወደ ራሱ ሜሞሪ ይወስደዋል። በዚያ መሃል እቴቴ ታነባለች፣ ድምፅዋም ቦታው ላይ ይቀመጣል። አዳማጯ ቁልፏን ስትጫን ኮምፒውተሯ ትንሿን ምልክት ብቻ አይመልስም፤ ባዶውን ቁራጭ ሙሉውን ይዞ መጥቶ ገጹ እንደተገለበጠ የተነበበው ቃል ላይ ይለጥፈዋል። በተጻፈ ወረቀት ላይ ባዶ ወረቀት እንደ መለጠፍ ነው። ለማረጋገጥ ራሱ እያነበበ ራሱ ቁልፉን ተጫነ፤ ቃሉ ተዋጠ። ምልክቱ ለብቻው በሌላ ፋይል እንዲጻፍ አድርጎ ደገመው፤ ቃሉ ሳይነካ ወጣ። ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀበትም።

ሥራ አስኪያጁ ሰምተው ሲያበቁ፣ «በቃ፣ ፕሮግራሙ ተሻሻለ እንላለን። ምን ያደርጋል ማነካካቱ?» አሉት። እሺ አለ። አዎ፣ እሺ አለ፤ ደስም አለው። ደረጃውን ወርዶ ግማሽ ሲደርስ ግን የገዛ ደስታው አንገሸገሸው። ተመልሶ ወጣና አዳማጯም ባለችበት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስም ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አለ።

አክስቱ ቤት ሲደርስ ወጥ ቤቱ በብጣሽ ወረቀት ተሞልቷል። ቁም ሳጥኑ ላይ «ስኳር»፣ «ጨው»፤ በሩ ላይ «ምድጃው ጠፍቷል? ቁልፍ ይዘሻል?» በእጅ ጽሑፏ ተለጥፏል። ሬዲዮውን ዘግታዋለች። መብረቅ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት።

«አንተ ልጅ» አለችው ራሱን እየዳበሰች፣ «እኔን ለማጽናናት ብለህ ራስህን አታዋርድ።»

«እውነቴን ነው እቴቴ። ሐኪሙስ ምን አለሽ?»

«ምንም የለብሽም አለኝ።»

«ታዲያ?»

«አላመንኩትማ። ከእሱ ይልቅ አንተ ታውቀኛለህ አልኩ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በማግስቱ ለምኖ፣ እጇን ይዞ ወደዚያች ጠባብ ክፍል መለሳት። አዳማጯ ከማዶ ተቀመጠች፤ እሱም ማዳመጫ አጠለቀ። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ ያው የድሮው ነው፣ አንድም አልጎደለም። የገጹ መጨረሻ ደረሰች። ወረቀቱ ኮሽ አለ። አዳማጯ ቁልፏን ተጫነች።

ከዚያ ምንም አልተሰማም። መብረቅ ደንግጦ ስክሪኑን አየ፤ ዜሮ የለም። ድምፁ በትክክል እየተቀዳ ነው። ማዳመጫውን ወደ ጆሮው ሲጫነው ትንፋሽዋ ተሰማው። በመስታወት መስኮቱ ሲያያት ጣቷን የአዲሱ ገጽ የመጀመሪያ ቃል ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ቃሉን ልትለው ፈርታ እሱን እያየች ነው።

«ልበለው?» አለችው።