የመምህርት አኬሎ ወረቀቶች

«ኧረ አክስቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

አዊኖ እየሮጠች ደርሳ እጇን እሳቱ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። ለለቅሶተኛው የበቆሎ ኡጋሊ የሚገነፋበት ትልቁ ብረት ድስት ተጥዷል። አክስቷ ፌሊስታ ሥሩ ቁጢጥ ብላ ጀርባው ላይ ሥዕል ባለበት አሮጌ ቀን መቁጠሪያ ወረቀት እንጨቱን ታቀጣጥላለች።

«እርጥብ ሆኖ አስቸገረኛ! ደግሞ ምን አለበት? የሕፃን ሙጭርጭር ነው። ማንጎ፣ ዶሮ፣ ዓሣ...»

«የእማዬ የሂሳብ መልመጃ ነው!»

ፌሊስታ ክው አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ያንን ሁሉ ሥዕል እህቷ እንደሣለችው በምን ትወቅ? ከሠላሳ ዓመት ልፋት የተረፈው አሥራ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

የአዊኖ እናት መምህርት አኬሎ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ነገ እንደ አገሩ ወግ ከቤቷ በስተግራ ትቀበራለች፤ ሰኞ ደግሞ አንደኛ ክፍሏን አዊኖ ትረከባለች። ታዲያ አሁን በምን ልታስተምር ነው? የመምህራን ኮሌጁንስ ጨርሳለች። ግን በልምምድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ደርድራ ልጆቹ ዓይን ዓይኗን ሲያዩዋት ስንቴ ላብ አጥምቋታል!

እናቷ እንዲህ አልነበረችም። አንድ ቀን የቀድሞው ዳይሬክተር ክፍሏን ባዶ አገኘው። ልጆቹ ውጭ ጭቃ በጭቃ ሆነው በጣሳ ባልዲ ውስጥ ውሃ ይገለብጣሉ።

«ወላጅ የላካቸው እንዲማሩ ነው ወይስ እንዲቦራጨቁ?» ብሎ በልጆቹ ፊት ጮኸባት።

እናቷ ጣሳውን አቀበለችው። «ባልዲው በስንት ጣሳ ይሞላል? እስቲ ይገምቱ።»

አሥር አለ። አሥራ አራት ሆነ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እሷ ግን ፈገግም አላለች። «ልጆቼ አሥራ አራት ብለው ነበር፤» አለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«እጄን ይቁረጠው!» እያለች ፌሊስታ እሳቱ ዳር ታለቅሳለች።

ለለቅሶው ዓሣ ይዞ የመጣው የእናቷ የቀድሞ ተማሪ፣ ነጋዴው ኦዴራ፣ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ጫፉ የተቃጠለ ወረቀት አነሣና ፊቱ በራ።

«የድመቷ! ድስት ውስጥ አምስት ቆሮሶ ዓሣ፣ ድመቷ ሁለቱን ይዛ ስትሮጥ! ስንቴ አስለቅሳኛለች መሰላችሁ! ኧረ እርሳስ አምጡልኝ።»

የዓሣ ካርቶን ቀደደና መሣል ጀመረ። ይኼን ያየ ለቅሶተኛ ከድንኳኑ እየተነሣ መጣ። አንዷ ነርስ ዶሮዎቹን ከነእግራቸው አስታወሰች። ሁለት ሞተረኞች በጀልባዋ ሥዕል ተጣሉ።

«የተሳፈረው ሰባት ሰው ነበር!»

«ስምንት ነው! አንተ ያኔም አንድ ትረሳ ነበር!»

ማንም ደብተር አላየም፤ ሁሉም ከሆዱ ነው ያወጣው። ፌሊስታ ተሥሎ ያለቀውን ካርቶን እየተቀበለች በሽርጧ ትጠቀልላለች፤ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም። አዊኖ ቆማ ታያቸዋለች። ይኼ ሁሉ ሰው እናቷን በልቡ ይዟት ኖሯል! የዚያች ሴት ልጅ በመሆኗ እንደዛሬ ኮርታ አታውቅም።

ኦዴራ ካርቶኑን በሁለት እጁ አቀረበላት። የዓሦቹ ጭራ ጠማማ ነው፤ ድመቷም ፍየል ትመስላለች። ከታች ባለው የመልስ ሳጥን ውስጥ ግን በትልቁ «3» ብሎ ጽፏል።

«አየሽ፣ አልረሳሁም!» አለና እስክትመሰክርለት ቆሞ ጠበቃት።

«ጎበዝ፣ ኦዴራ! በጣም ጎበዝ!»

ብዙ የሚበልጣትን ሰው በእናቷ ድምፅ እንዳሞገሰችው የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እንባዋ መጣ። እርሳሱን ከእጁ ተቀበለችና፣ የሰኞ ልጆች መልሱን ራሳቸው እንዲያገኙት፣ በጀርባው ላጲስ የጻፈውን «3» ቀስ ብላ አጠፋችው።