የክርን ልክ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ውሃ ጣድኩ፣ የትናንቱን ልብስ ከገመድ አውርጄ አጠፍኩ። ዳቦ ቆርጬ ግማሹን በላሁ፤ ግማሹን መልሼ ሸፈንኩት። ከመሥሪያ ቤት የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አዲስ በገቡ መጻሕፍት ጀርባ ላይ መለያ እለጥፋለሁ። አንድ ቀን ብቀር የሚጎድል ነገር የለም። አጥር የሚሠራልኝ አናጢ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ስለነበር መለኪያ ዱላውን ከቁም ሣጥኑ ጎን አንሥቼ በረንዳው ላይ አስደገፍኩት።

በእኛና በጎረቤታችን ግቢ መካከል ድንበር ሆኖ የኖረው ቁጥቋጦ ነበር። የሚያጠጣው ባለቤቴ ነበር። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነው። እኔ አላጠጣሁም። ሲደርቅ በመስኮት እያየሁት ደረቀ።

ከዚያ የጎረቤታችን ዶሮዎች እየገቡ የጓሮውን አትክልት ጫሩት። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። መንገድ ላይ ሰው ካዩ ሳይቆሙ ስለማያልፉ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ፍሬን ይላቸዋል።

«ምን ይሻላል?» አሉኝ አንድ ቀን፣ ዶሮዎቹን በባርኔጣቸው እያባረሩ። «እነዚህን ልረዳቸው ወይስ አጥር ታሠሪያለሽ?»

«አጥር አሠራለሁ።»

«እሰይ! ነፍሳቸውን አተረፍሽ። ሰማችሁ? እሷን አመስግኑ!»

አጥሩ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ባለቤቴ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ቁጥቋጦው አጠገብ ቆሞ፣ «እዚህ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ነው የሚያስፈልገን» አለኝ። «ሰው ክርኑን አሳርፎ የሚያወራበት።»

የመጥረጊያ እንጨት አምጥቼ ከጎኑ አቆምኩ። ክንዱን አጠፈ። ክርኑ የደረሰበትን በምስማር ጫርኩና በመጋዝ ቆረጥኩት።

«ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ» አልኩት ስጭር።

«ቀጥ ያልኩት ይሄ ነው» ብሎ ሳቀ።

ያን ዱላ በሜትር አልለካሁትም። እንጨቱ ካለ ቁጥሩ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት አጥር ልመርጥ አናጢው ዘንድ ሄጄ ነበር። ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው ጫፉ የሾለ ነው፤ «በዚህ ላይ ለመዝለል ድመት እንኳ ሁለቴ ታስባለች» አለኝ። ሁለተኛው እንደ መረብ የተሠራ ነው፤ ሐረግ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ሦስተኛው ምንም ጌጥ የለውም። ከላይ ግን አንድ ሰፋ ያለ ጣውላ ተጋድሞበታል። ክርኔን አሳረፍኩበት። አልቆረቆረኝም።

«ይሄን።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አጭር ነው። ሌባው እንደምን አደሩ ብሎዎት ነው የሚገባው።»

«ይግባ።»

«እሺ፣ ከሌባው ጋር ተስማምታችኋል ማለት ነው። ከመሬት ስንት ሴንቲ ከፍ ይበል?»

ዱላውን ሰጠሁት። «ይሄን ያህል። አልለካሁትም።»

«ይሻላል! ሜትር ማንበብ ዐይኔን ያደክመኛል።» ዱላውን አጥሩ ላይ አስጠግቶ አየው። «አጥሩ ስንዝር ያህል ያጥራል። ግድ የለም፣ ያን ያህል ከመሬት አንሥተን እንመታዋለን፤ እርጥበትም አያገኘው።» ከዚያ ዱላውን አገላበጠው። «የምን እንጨት ነው?»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

«መለኪያ ነው» አልኩትና መልሼ ተቀበልኩት።

ዛሬ ጠዋት በሰዓቱ መጣ። የቋሚዎቹን እግር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ቀባ፤ ሲባጎ ወጠረ፤ ጉድጓድ ቆፈረ። ጋሼ ፍሬን የእንጨት ዱካቸውን ይዘው ወጡና በዚያ በኩል ተቀመጡ።

«ያኛው ጠመመ» አሉ።

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ መኪናዎን ቀጥ አድርገው የነዱበት ቀን አለ?»

«መንገዱ ነበር እኮ የሚጠመው!»

ሦስተኛው ቋሚ የሚቆመው ባለቤቴ ያን ቀን የቆመበት ቦታ ላይ ነው። አናጢው ዱላውን አስጠግቶ የቋሚውን ራስ ሲቆርጥ ተጠግቼ አየሁ። ልክ ነበር። ዱላውን ለሚቀጥለው ቋሚ ይዞት ሄደ። እኔም ሻይ ላፈላ ገባሁ።

ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ፈልቶ ግማሹ እስኪያልቅ አልተነሣሁም። መዶሻው፣ ከዚያ መጋዙ፣ ከዚያ መዶሻው ይሰማኝ ነበር። እንደገና ውሃ ጨመርኩ።

ሻዩን ይዤ ስወጣ አጥሩ አልቋል። ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ቆሟል። ጋሼ ፍሬን ክርናቸውን አሳርፈውበታል።

«እንደ ባንክ ቤት መስኮት ነው» አሉኝ። «ነይ፣ ምን ልርዳሽ?»

«አማረ?» አለ አናጢው። «የመጨረሻው ቋሚ ግን አሳሩን አሳየኝ። ከሥሩ ድንጋይ አለ። አልገባም ሲለኝ ብመታው አናቱ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀውን ቆርጬ ጣልኩና፣ በሱ ልክ ውሃ ልክ ይዤ ሌሎቹንም ሁሉ ከላይ አስተካከልኳቸው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ቀድሞ እንደ ደረጃ ሆኖ ነበር፤ ዐይኔ አልወደደውም።»

«ሦስተኛውንም?»

«ሁሉንም።»

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ዱላውስ?»

«የቱ ዱላ? አሃ፣ መለኪያው!» ወደ መጨረሻው ቋሚ አመለከተ። «እሱማ ጠቀመን። ቋሚው ሲወዛወዝብኝ ከትፌ ሽብልቅ አደረግኩትና ሲሚንቶ አፈሰስኩበት። ጥሩ እንጨት ነበር፤ ጠበቅ ያለ።»

በቋሚው ሥር ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

ጋሼ ፍሬን ፊቴን አዩና ክርናቸውን ከአጥሩ ላይ አነሡ። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምንም።»

«ጥፋት ሠራሁ እንዴ እትዬ?» አለ አናጢው።

«አይ። እንጨት ነው።»

«ከፈለጉት ሌላ ልቁረጥልዎት፣ ቀላል ነው። ስንት ሴንቲ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩት። «ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

ሻያቸውን ጠጡ። አናጢውን እጁን አስታጠብኩት። ሲወጣ፣ ለትንሽ ሥራም ቢሆን ሳልሳቀቅ እንድጠራው ነገረኝ። ጋሼ ፍሬን ብርጭቋቸውን አቀበሉኝ። ዱካቸውን ይዘው ገቡ።

አናጢው ከቋሚዎቹ ራስ የቆረጣቸውን ጉማጆች ለማገዶ ይሆንዎታል ብሎ ጥግ ላይ ቆልሏቸዋል። ሁሉንም በቀሚሴ አቅፌ ሦስተኛው ቋሚ ጋ ወሰድኳቸው። አንድ በአንድ ከላይ ደረብኳቸው። አንዱ ሦስት ጣት ያህል ነው፣ አንዱ አራት፣ አንዱ ስንዝር ይሞላል። የእንጨቱን መስመር ከእንጨቱ መስመር ጋር ላገናኝ ሞከርኩ። ሁሉም ይገጥማሉ፤ የዚህ ቋሚ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ከዚያ እሱ በቆመበት ቆሜ ክንዴን አጠፍኩ። እኔ ከእሱ አጥራለሁ። ምን ያህል እንደማጥር ግን ማስታወስ አቃተኝ። እጄን ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ። ያም እሱ መሰለኝ፣ ይሄም እሱ መሰለኝ።

አጥሩ ቆሟል። ዶሮዎቹ አይገቡም። የባለቤቴ ክርን ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይል እንደነበር የሚያሳይ ነገር አሁን በዚህ ቤት የለም።