አባ ደጀን ሳይመርቁ ሄዱ

ሃጋር ደክሟታል። ድካሟ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም፤ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ፋርማሲስት ልሁን ብላ ቀን ስትማር፣ ማታ ባሕሩ ዳርቻ ካለው ሆቴል ሳህን ስታመላልስ ወጣትነቷ አለቀ። አሁን የቀራት የስታዡ፣ የልምምዷ ማለቂያ ፊርማ ብቻ ነው። ያለ እሱ የፈቃድ ፈተና የለም። ፈራሚዋ ደግሞ የፋርማሲው ኃላፊ ኤፍራት ናት።

«የአንቺ ሰልፍ ለምንድን ነው የማያልቀው?» አለቻት ኤፍራት ጠዋት። «ዛሬም ከተንዛዛሽ አልፈርምም።»

እንዴት ብሎ ይለቅ! አማርኛ የሚችል ሁሉ ዕብራይስጥ ብቻ የሚነገርበትን ሌላውን መስኮት ትቶ እሷ ጋ ነው የሚሰለፈው። ከጎንደር የመጣ ሽማግሌ ደግሞ ገና ከመግባቱ ሕመሙን አይዘረግፍም። እንዴት ነዎት ሲሉት «እግዜር ይመስገን» ይላል። ቢደግሙለትም ያንኑ ይደግማል። ሆዱ ውስጥ ያለው የሚወጣው በሦስተኛው ነው። ሃጋር ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ዛሬ ፊርማው አለ።

አባ ደጀን ተራቸው ደርሶ መስኮቷን ተደገፉ።

«እንዴት አደሩ አባ?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ፣ አንቺስ...»

«ደህና ነኝ። ያው የደም ማቅጠኛው ነው አይደል? እንደ ወትሮው ይዋጡት። ቀጣይ!»

ሽማግሌው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ክኒናቸውን ይዘው ወጡ።

ሌሎች ሁለት ሰዎች ካስተናገደች በኋላ ነው ልቧ ድንግጥ ያለው። አባ ደጀን ሳይመርቋት ሄደዋል! እሳቸው እኮ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ሳይሉ ከመስኮቱ ተላቀው አያውቁም። ከንፈራቸውም አመድ መስሎ ነበር። ወይኔ ጉዴ! መሳቢያውን ቆልፋ፣ «ወዴት ነው?» የሚለውን የኤፍራትን ጩኸት ከኋላዋ ትታ፣ ጋዋኗን እንደ ለበሰች ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሮጠች።

ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ ኤይን ሀትኽሌት የሚሄደውን አውቶቡስ ሲጠብቁ አግዳሚ ላይ አገኘቻቸው።

«እንዴት ነዎት አባ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ደህና ነዎት ወይ?»

«ምን እሆናለሁ ብለሽ።»

«በሞቴ አባ። እንዴት ነዎት?»

አቀረቀሩ። ለሴት ልጅ የሚነገር ነገር አልነበረም። «ከትናንት ጀምሮ ዓይነ ምድሬ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ያዞረኛልም። ጎረቤቴ ብዙዓየሁ፣ ለጉልበትህ ሕመም ብሎ ከራሱ ማስታገሻ ክኒን አካፍሎኝ...»

ጎረቤት ያካፈለውን እንዴት እምቢ ይበሉ? ነውር ነው። ከደም ማቅጠኛው ጋር ደርበው ውጠውት፣ ሆዳቸው ውስጥ እየደሙ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ቸኩለሽ አየሁሽ ልጄ። ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

አምቡላንስ ጠራች፤ ለኤፍራትም ደውላ የት እንዳለችና ሽማግሌው ምን እንደሆኑ ነገረቻት። እስኪወስዷቸው ድረስ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች።

ስትመለስ ኤፍራት ፊቷ በርቶ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀቻት። «ጎበዝ! እዚሁ ሲያናግሩሽ ሕመማቸውን ደረስሽበት ማለት ነው? ሰውየውን አተረፍሻቸው እኮ። ነይ ልፈርምልሽ።»

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አንዲት ቃል! ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት ነገር እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አይ» አለች ሃጋር። «ሳልጠይቃቸው ሰጥቼ አሰናበትኳቸው። ከሄዱ በኋላ ነው የባነንኩት።»

 ኤፍራት እስክሪብቶዋን ከደነችው። «እንግዲያው ሌላ ሦስት ወር ትለማመጃለሽ።»

ቸኩይ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ ወይ ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ጉልበቱ ግን ከየት ይምጣ። ጋዋኗን አስተካክላ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል።