ሰዓት ሠሪውና ጎታታው

ሰዓት ሠሪው ጊታሩን ከካርቶኑ ሲያወጣ መጀመሪያ ያደረገው መምታት አልነበረም፤ አሸተተው። አዲስ ቫርኒሽ ይሸታል። ቀጥሎ የጊታሩን አንገት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና፣ ሰዓት ሲመረምር እንደለመደው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ቀጥ ያለ ነው። ክሮቹ ግን ከእንጨቱ ከፍ ብለው ስለተወጠሩ ለመጫን ያስቸግራሉ፤ አንድ ዘፈን ሳይጨርስ የጣቶቹ ጫፍ ቀላ።

«ድምፁ ገና ጥሬ ነው» አላት ሚስቱን።

«አንተስ በስለሃል?» አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ከጊታሩ ሌላ የገዛው ዕቃም ቀላል አልነበረም። ማይክሮፎን ከነማቆሚያው፣ ጆሮ ድፍን የሚያደርግ ማዳመጫ፣ ማይክሮፎኑን ከኮምፒዩተር የሚያገናኝ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ ሣጥን። ሁሉንም ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ፣ በጥገና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ማይክሮፎኑ ጆሮ አይደለም ጉድ ነው። የመጀመሪያ ቅጂውን ሲያዳምጥ ከጊታሩ ይልቅ የሰማው በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ነበር፤ ሁሉም በየፊናቸው ይንጫጫሉ። ተነሥቶ አንድ በአንድ አቆማቸው። ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ያቺ ክፍል ጸጥ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ሲሆን፣ ጸጥታው ደስ አላለውም።

ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ጊታር የገዛው ጊዜ ቢተርፈው እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ውሸት ነው። የገዛው በወንድሙ ምክንያት ነው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እሱና ታናሽ ወንድሙ በየሠርጉ እየዞሩ ጊታር ይጫወቱ ነበር። እሱ ዜማውን ይመራል፣ ታናሹ በኮርድ ምቱን ይይዛል። አንድ ሠርግ ላይ ጨዋታው ተንገዳገደ። አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ሆኑና ጨፋሪው ግራ ገብቶት መሃል ላይ ቆመ። ታላቅየው እፍረቱን መዋጥ አቃተው። ማይክሮፎኑን ጠጋ ብሎ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «ይቅርታ፣ ወንድሜ ትንሽ ጎታታ ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። ነገሩ በሳቅ ቢያልፍ ደግ ነበር፤ ስሙ ግን ተለጠፈ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ታናሹን ጎታታው ይለው ጀመር። ደግሞስ ማን ይጠራጠራል? የተናገረው ሰዓት ሠሪ ነው! ስለ ጊዜ እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ታናሹ ጊታሩን ለሰው ሰጥቶ ሴራሚክ ለጣፊ ሆነ። እናታቸው ራሷ እስክትሞት ድረስ «የኔ ጎታታ» እያለች ታቆላምጠው ነበር። ወንድማማቾቹ ተጣልተው አያውቁም። ለቅሶ ቤትና ሆስፒታል ይገናኛሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ስለ ጊታር ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

የሰዓት ሠሪው ሐሳብ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የዚያን ሠርግ ዘፈን ዜማ ይቀዳል፣ ከዚያ የወንድሙን ድርሻ ራሱ መትቶ ላዩ ላይ ይጨምራል። ያ ዘፈን ሳይጎተት ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ከመሞቱ በፊት አንዴ መስማት ፈልጓል።

የኮምፒዩተሩ መቅጃ ፕሮግራም ሲቀዳ በማዳመጫው ውስጥ «ቲክ፣ ቲክ» እያለ ምት ይቆጥራል። ስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ቀጭን መስመር አለ፤ ክሩ በተመታ ቁጥር ደግሞ ድምፁ እንደ ጉብታ ይሣላል። ጉብታው መስመሩ ላይ ካረፈ ልክ ነው። የሰዓት ሠሪው ጉብታዎች አንዳቸውም መስመራቸው ላይ አላረፉም። ሲጀምር በትንሹ፣ ወደ መጨረሻው በብዙ፣ ሁሉም ከመስመሩ ቀድመው ነበር።

«ማሽኑም ጎታታ ነው!» ብሎ ሳቀና ለሻጩ ደወለ።

«የሸጥክልኝ ዕቃ ይዘገያል» አለው።

«ዕቃው ቢዘገይ ኖሮ እርስዎ የመቱት ከመስመሩ ኋላ ነበር የሚሣለው» አለ ሻጩ። «ከፊት ነው አላሉኝም?»

«ከፊት ነው።»

«እስቲ ደግመው ይሞክሩት አባቴ» አለ ሻጩ፣ በጣም በትሕትና።

ስድስት ጊዜ ደገመው። ስድስቱንም ጊዜ ሮጠ።

ሰዓት ሠሪው በሰው ቃል አያምንም፤ የሚያምነው ሰዓት ነው። በፊተኛው ክፍል፣ የሌሎቹን ሁሉ ልክ የሚያስተካክልበት አንድ ትልቅ የፔንዱለም ሰዓት አለው። የፕሮግራሙን ቆጠራ በደቂቃ ስድሳ አደረገ፣ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ከሰዓቱ ፊት ቆመ፣ ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ደገፈ። አሥር ደቂቃ ሙሉ እንዲያ ቆሞ ቆየ። ማሽኑና ፔንዱለሙ ገጥመው ጀመሩ፣ ገጥመው ጨረሱ። ማሽኑ አልተሳሳተም ማለት ነው።

እዚያ ላይ ቢተወው ይችል ነበር። ዕድሜ ነው፣ ከልምድ መውጣት ነው እያለ አንድ ቀን ራሱን አታለለ። በማግሥቱ ግን ባለሠርጎቹ ያኔ ጨዋታውን ቀድተው የሰጡትን፣ አንድም ቀን ያላዳመጠውን ካሴት ከመሳቢያው ሥር ፈልጎ አወጣና ማጫወቻውን ከሣጥኑ ጋር አገናኘ።

ዘፈኑ የሚጀምረው በታናሹ ኮርድ ብቻ ነው። ፍጥነቱን ከዚያ ላይ ለክቶ ለፕሮግራሙ ሰጠው። ጉብታዎቹ መስመሮቹ ላይ አንድ በአንድ ቁጭ ቁጭ አሉ። ከዚያ ዜማው ገባ፤ እየቀደመ፣ እየቀደመ ሄደ። የታናሹ ምት ንቅንቅ አላለም። ጨፋሪው ሲንጫጫ እንኳ እንደያዘ ነበር። ቀጥሎ የአንድ ወጣት ድምፅ መጣ፤ እርግጠኛ፣ ቀልደኛ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ...» ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለው።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለች ሚስቱ።

«እኔ ነበርኩ።»

«ምኑን?»

«የምሮጠው። እሱ ልክ ነበር።»

ሚስቱ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለሱ ንገረው!»

ታናሹን ያገኘው ገና ባላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ነው። ሲሚንቶ የበላቸው የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለህ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም። የማሰማህ ነገር አለ።»

በመንገዱ ሁሉ ሲዘጋጅ የመጣው ለቁጣ ነበር። ወንድሙ ይሰድበው ይሆናል፣ «ያኔም አውቅ ነበር» ይለው ይሆናል። ቢለውማ ምን ነበረበት! የተቆጣን ሰው እግሩ ላይ ወድቀው ይቅርታ ይለምኑታል።

ታናሹ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን አደረገ። ታላቁ መስመሮቹ ምን እንደሆኑ አስረዳው። እስከ መጨረሻው ሰማ። የሰዉ ሳቅ ላይ ሲደርስም ፊቱ አልተለወጠም።

«ይቺ መስመሯ ላይ ያለችው የማን ናት?»

«ያንተ።»

«ከፊት ከፊት የምትሄደውስ?»

«የኔ።»

«አላደባለቅከውም ጋሼ? እርግጠኛ ነህ?»

ለሰዓት ሠሪው ያን ጊዜ ገባው። ይህ ሰው ቂም ይዞ አልኖረም፤ አምኖ ነው የኖረው። ታላቄ ካለ እውነት ነው ብሎ፣ ጎታታ መሆኑን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አምኖ። ለቅሶ ቤት ቆሞ ጎርሶ የሚሄደው፣ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሞ ገብቶ ኋላ የሚወጣው፣ ወሬ በጀመረ ቁጥር «ላሳጥረውና» የሚለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

«እርግጠኛ ነኝ። በሰዓት ለክቼዋለሁ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«እኔ ደህና ነበርኩ ማለት ነው?»

«ደህና ነበርክ። ከኔ በጣም ትሻል ነበር።»

ታናሹ ማዳመጫውን አውልቆ ሲሚንቶ እንዳይነካው በክርኑ ጠራረገና መለሰለት።

«ትልቋ ልጄ፣ ተማሪ ሳለች፣ ጊታር ካልተማርኩ ብላ አስቸግራኝ ነበር። ‹ተይ፣ በእኔ ነው የወጣሽው፣ ሰው ይስቅብሻል› አልኳት።»

«እሺ?»

«ተወችዋ።»

ሰዓት ሠሪው ጊታሩን ለእሷ እሰጣለሁ ሊል አፉን ከፈተና አፈረ። ልጅቱ አግብታ፣ ወልዳ፣ የራሷን ቤት ይዛ ሄዳለች።

«ለሰው ሁሉ እነግራለሁ» አለ። «ለሰፈሩም ለዘመዱም፣ በየቤቱ እየዞርኩ።»

«ለማን ጋሼ?» አለ ታናሹ፣ ሳይቆጣ፣ መልሱን ለማወቅ እንደፈለገ ሰው። «እማዬ እንደሆነች የለችም።»

ማጣበቂያው ሊደርቅበት ስለሆነ ተንበረከከ። አንዱን ሴራሚክ አስቀምጦ በጎማ መዶሻው ይመታው ጀመር፤ አራት አራት ጊዜ፣ በየማዕዘኑ። ታላቁ ኮምፒዩተሩን አቅፎ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠው። ምቱ አንዴም ሳይቀድም፣ አንዴም ሳይዘገይ እስከ ግድግዳው ድረስ ሄደ።