ወፊቱ የምታውቀው ካፖርት

ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ በጡረታ ከወጣች ወዲህ ለራሷ የገዛችው ነገር ቢኖር ያ ካሜራ ነው። የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ሲያስረክባት፣ «እናቴ፣ ወፍ ሲያነሱ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ትኩረቱን ዓይኗ ላይ ያድርጉ። ከሁሉም በላይ ግን ትዕግሥት ነው» ብሏት ነበር። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት በጠብታ ስትለካ ለኖረች ሴት ትዕግሥትን ሊያስተምር!

የፈለገችው አንዲት ወፍ ነበረች፤ አንገቷ ሰማያዊ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ። ባሏ በየማለዳው በጓሮ ያለውን የውኃ ሳህን ሲሞላ ወፊቱ እግሩ ሥር ታርፍ ነበር። እሷ በመስኮት ዓይኗን ጣል አድርጋ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። አሁን ጊዜው ሞልቷል፤ ሰውየው ግን የለም። ወፊቱን እንኳ በፎቶ ላስቀራት አለች።

ሦስት ሳምንት ተቀምጣ ያገኘችው የደበዘዘ ክንፍ፣ ባዶ ቅርንጫፍና ሁለት እንሽላሊት ነው። እንሽላሊቶቹ እንኳ ደህና ወጥተዋል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ የሆነችው ልብስ ሰፊ ታናሽ እህቷ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮው ገባች። ወፊቱ ከዛፉ ወርዳ አጠገቧ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች። እህትየው በስልኳ ቀጭ አደረገቻት።

«እታለም፣ ነይማ እዪ! ያን የሚያህል መድፍ ታቅፈሽ፣ እኔ በዚች ስልክ!»

አየች። ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እርር ድብን አለች።

«ደህና ነው» አለች።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ጠዋት ካሜራዋን ወደ እህቷ አዞረችና ድንገት ገባት። እህቷ የለበሰችው ባሏ ማለዳ ውኃ ሲሞላ ይደርበው የነበረውን ግራጫ ካፖርት ነው። ከሐዘኑ በኋላ «ውሰጅልኝ፣ ዓይኔ እንዳያየው» ብላ የሰጠቻት ራሷ ናት።

«አውልቂው።»

«በዚህ ብርድ? ደግሞ እጅጌውን በልኬ አሳጥሬዋለሁ፣ አየሽ?»

«ማን ቁረጪ አለሽ?»

የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ሳቂታዋ እህቷ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ ካፖርቱን አቀበለቻትና ከብርዱ የተነሣ የገዛ ትከሻዋን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ለበሰችው። እጅጌው ከእጅ አንጓዋ በላይ ቀረ። የሚሸተውም የእህቷ ሳሙና ብቻ ነው። ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ዋጠች። ወፊቱ መጣች፤ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። እሷም ትኩረቱን የወፊቱ ዓይን ላይ አድርጋ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

ከሰዓት በኋላ እህትየው በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ፎቶውን አየች። «እሰይ! እንግዲህ ካፖርቴን…»

«አጥቤዋለሁ፤ አልደረቀም።»

በማግስቱም አልደረቀም ነበር። በሦስተኛው ቀን እህትየው በሩን አንኳኳች። ከበሩ ኋላ ፍጹም ደረቅ ሆኖ የተሰቀለውን ካፖርት አየች። በጨርቅ የጠቀለለችውን ፈታች፤ ሁለቱ የእጅጌ ቁራጮች ነበሩ፣ በወጉ የታጠፉ።

«ልብስ ሰፊ ቁራጭ አይጥልም። ቤት ወስጄ ልቀጥልልሽ።»

ደግነቷም ሳይቀር አስቀናት። ካፖርቱን ከመስቀያው አውርዳ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«መርፌሽን ይዘሽ ነይ» አለች። «እዚሁ አጠገቤ ስፊው።»