አንዲት ልጅ

ፋርማሲስቷ ምስጢር በመጠበቅ የታወቀች ናት። ጎረቤቶቿ በመድኃኒት ቤቷ ትንሽ መስኮት በኩል ምን ምን እንደሚገዙ ለገዛ ባሏ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሴቶችን ታስጠናለች፣ ትመክራለች። «እርስዎ የምትለኝን አላስጠናም፤ እኅታችሁ ነኝ፣ አንቺ በሉኝ» ትላቸዋለች።

ከሁሉም ቀድማ አንቺ ያለቻት፣ ለስሌት ፈጣን በመሆኗ «ካልኩሌተር» የሚሏት ልጅ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ጓደኞቿ ሲወጡ ወደኋላ ቀረችና፣ «እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለቻት። ዘጠነኛ ክፍል ላለው ታላቅ ወንድሟ የሂሳብ የቤት ሥራውን የምትሠራለት እሷ ናት። አባቷ «መጀመሪያ የወንድምሽ ይለቅ» ስለሚላት የራሷ ደብተር ባዶውን ያድራል።

«ሆድ ይፍጀው» አለቻት ፋርማሲስቷ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። የካልኩሌተር ወንድም በሂሳብ አንደኛ ወጥቶ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ አናጢው አባቱ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። ቀጥሎ ፋርማሲስቷ ስለ ሴቶች ትምህርት እንድትናገር ተጋበዘች። ሜዳሊያውን ስታይ እልህ ይዟት ነበር፤ ማይክ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፣ ሰውን ሞቅ ያደርጋል።

«አንዲት ልጅ አለች» ብላ ጀመረች። ስም አልጠራሁም ብላ ነው እንግዲህ! «የወንድሟን ሂሳብ እየሠራች እሱ ይሸለማል፣ የእሷ ደብተር ባዶ ነው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ፤ ራስ ሁሉ ወደ አናጢው ዞረ። ልጁ ሜዳሊያውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ካልኩሌተር ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ፋርማሲስቷን ብቻ ትኩር ብላ ታይ ነበር።

ሰኞ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ማክሰኞም አልመጣች። ለፈተና የቀራቸው ሦስት ሳምንት ነው። ረቡዕ ፋርማሲስቷ አናጢው ሥራ ቦታ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። እሱ መላጊያውን ሳያቆም፣ «ልጄን አስተማሩልኝ፤ እኔንም በሰው ፊት አስተማሩኝ። ይበቃናል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሁሉ ያሳፈራት ግን አንድ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነው፤ ጭብጨባው ጥሟት ነበር።

ዓርብ ካልኩሌተር የሐኪም ማዘዣ ይዛ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ትምህርትሽስ?»

«ሰኞ እመለሳለሁ። ወንድሜ ነው አባዬን የለመነልኝ። ሜዳሊያውንም ለመምህሩ መልሶታል።»

ፋርማሲስቷ እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ በእፍረት ጋለ። እሷ ያበላሸችውን ያቃናው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረደችው ልጅ ነው።

«ቅዳሜስ ትመጫለሽ?»

ልጅቷ ማዘዣውን በመስኮቱ ዘረጋችላት። የታዘዘው የአባቷ የደም ግፊት ኪኒን ነው። ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ በወረቀት ጠቅልላ በመስኮቱ አቀበለቻት። ልጅቷ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዓይኗን ሳታነሣ፣

«እባክዎ» አለች፣ «ለማንም እንዳይነግሩብን።»